«ስምንተኛው ሺህ ነው» አትበሉኝ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ዓለም ለመጥፋት ቀጠሮ ይዛ ነበር። ያኔ ቆቦ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ማያ» የሚባሉ ሰዎች የቀን መቁጠሪያ እዚያች ቀን ላይ ያልቃል ተባለ። ቪዲዮ ቤት ገብተው «2012» የተባለውን ፊልም ያዩ ልጆች፣ ባሕር ተራራ ሲውጥ በእጃቸው እያሳዩ ተረኩልን። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳቸው። አያቴ ማሽላ እያበጠሩ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «አንች ልጅ፣ እኛ ስምንተኛው ሺህ ላይ አይደለን እንዴ? ምን አዲስ ነገር አለው?» ብለው ማበጠራቸውን ቀጠሉ።

ዕለቱ አርብ፣ የሚካኤል ቀን ነበር። ዓለም አልጠፋችም። ሰኞ የሒሳብ ፈተና ተፈተንን።

ጋዜጠኝነት ስማር ነገሩን አጣራሁት። የማያዎች «ረጅም ቆጠራ» 144,000 ቀን አንድ «ባክቱን» ይላል። 13 ባክቱን ሲሞላ 5,125 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ያን ቀን የሞላው እሱ ነው። እንደ ታክሲ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ እንደገና ይጀምራል እንጂ ታክሲው አይፈነዳም። እንዲያውም ፓሌንኬ በምትባለው ጥንታዊ ከተማቸው የተገኘ ጽሑፍ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 4772 ላይ የሚውል ቀን ይጠቅሳል። ማያዎች ራሳቸውም አልጠፉም፤ ዛሬም በሚሊዮን ተቆጥረው ጓቴማላና ሜክሲኮ ይኖራሉ። ዓለም ይጠፋል ያሉት እነሱ ሳይሆኑ መጽሐፍና ፊልም ሻጮች ናቸው።

በፈረንጅ ከሳቅን አይቀር ወደ ራሳችን እንምጣ። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ነው። 2018ን ስንደምርበት 7,518 ይሆናል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም.፣ ልብነ ድንግል በነገሠ ማግስት ነው ማለት ነው። የሚሞላው ደግሞ በ2500 ዓ.ም. ነው። ከ500 ዓመት በላይ የቆየ «መጨረሻ» ይዘን ቁጭ ብለናል፤ ገና 480 ዓመት ገደማ ይቀረዋል! ወንጌሉ ቀኒቱን ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ይናገራል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለ ቂያማ ምልክት ያወራሉ እንጂ የሰዓቲቱ እውቀት አላህ ዘንድ ብቻ እንደሆነ ያምናሉ። ጠቤ ከእምነት ጋር አይደለም። ጠቤ «ስምንተኛው ሺህ ነው» ብለን ፋይል ከምንዘጋበት ልማዳችን ጋር ነው።

ፋይሉን እንክፈተው። የራያ ቆላ ስንት ጊዜ «ዓለም አለቀ» ተብሎበታል?

የ1965 እና 66 ረሃብ። ወሎ አለቀ፤ «የእግዜር ቁጣ» ተባለ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ ሲያጠናው፣ በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ላይ ዋጋው እምብዛም አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የሞተው የሚገዛበት ስለሌለው ነው።

77። ከቆቦ በአላማጣ አድርጋችሁ ግራካሱን ስትወጡ ኮረም ናት። የቢቢሲው ማይክል በርክ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ያንን እልቂት ለዓለም ሲያሳይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። ዓለም አለቀሰ፤ እርዳታም መጣ። ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ ተከሳሽ የለውም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገና በ1976 አስጠንቅቆ ነበር። መንግሥት ግን መስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በፌሽታ አከበረ። በዚያ ላይ ጦርነቱ ነበር። ይህ ትንቢት ሳይሆን በጀትና ውሳኔ ነው።

2013። መስከረምና ጥቅምት ላይ አንበጣው ለአጨዳ በተቃረበው ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። የእኛ ሰዎች ጅራፍና ቆርቆሮ ይዘው ሲሯሯጡ፣ ሰባኪው የራእይ ምዕራፍ 9ን ገለጠ። አንበጣው ግን አድራሻ ነበረው። በ2010 ግንቦትና በ2011 ጥቅምት ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ በዝናብ አራሱት፤ አንበጣው እዚያ ተራባ። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች በቅጡ የሚቆጣጠረው ጠፋ፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻገረ።

ቀጥሎ የእኛው ጦርነት መጣ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የትግራይ ተዋጊዎች ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ቆቦ ውስጥ ትጥቅ ያልያዙ ሰዎችን ሆን ብለው መግደላቸውን ገልጿል። ይህን ያደረገው ከሰማይ የወረደ መልአክ አይደለም፤ ጠመንጃ የያዘ፣ አዛዥ ያለው ሰው ነው። በሌሎች ቦታዎች በሌሎች ወገኖች ለተፈጸመውም እንዲሁ ነው። «የዘመን ፍጻሜ ነው» ባልን ቁጥር አንድ ገዳይ በነጻ እናሰናብታለን።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ድርቅ እኮ የእግዜር ነው» ትሉኝ ይሆናል። ድርቅስ ይሁን፤ ረሃብ ግን የሰው ነው። በ2008 በኤልኒኞ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈለገ፤ የ77 ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። መንገድ ነበረ፣ መጠባበቂያ እህል ነበረ፣ ቀድሞ የተመደበ ገንዘብ ነበረ። አቀንጭራ ማሽላችንን ከሥሩ ሲመጠው «እርግማን ነው» ብለው ቁጭ ያላሉ ሰዎችም ነበሩ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር አወጡ፤ በ2001 መጨረሻ የዓለም የምግብ ሽልማት አሸናፊ ተባሉ። ከዘሮቹ አንዱ «ጎብዬ» ይባላል፤ ከቆቦ ወደ ወልድያ ስትወርዱ የምታገኟት የጎብዬ ሞክሼ ማለት ነው።

አያቴ በ77 ሁለት ልጆች ቀብረዋል። አንድም ቀን «ማን ነው ተጠያቂው?» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ባለፈው ስሄድ ስለዚያ የመስከረም ፌሽታ አጫወትኳቸው። ወንፊቱን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ያን ጊዜ ድግስ ነበረ?» አሉኝ።

ለአርባ ዓመት ያልተጠየቀ ጥያቄ ይኸው ነው። እሳቸው መረጃ አልነበራቸውም፤ እኔና እናንተ ግን ስልክ በእጃችን ይዘን፣ ዘይት ሲወደድም ሰው ሲገደልም ታክሲ ውስጥ «ስምንተኛው ሺህ!» ብለን ከንፈር እንመጣለን። ተዉት። በምትኩ ማን አዘዘ፣ ማን ፈረመ፣ ማን እያወቀ ዝም አለ በሉ። ዓለም በ2500 ትጥፋ አትጥፋ የዚያን ጊዜ ሰዎች ይጨነቁበት። የእኛ ጭንቀት የሚቀጥለው የማሽላ አጨዳ ነው።