መለዮው ከተሰቀለ በኋላ



እህቴ ሆይ፣ ባልሽ 23 ዓመት በውትድርና ኖረ እንበል። በየዝውውሩ ዕቃ ጠቅልለሻል፤ ልጆችሽን ከካምፕ ካምፕ ይዘሽ ዞረሻል። አንድ ቀን መለዮውን ይሰቅልና «ከእንግዲህ አስተማሪ ልሆን ነው» ይልሻል። እፎይ አትዪም? ጦርነት ከቤታችን ወጣ ብለሽ አታመሰግኚም? በጡረተኛው አሜሪካዊ ኮሎኔል በአንድሩ ቤሴቪች ቤት ግን እንዲህ አልሆነም።

ቤሴቪች እ.ኤ.አ. በ1969 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመርቀው ቬትናም ዘመቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።) መለዮ ለብሰው ሳሉ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሠሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሠራዊቱ ተሰናበቱ፤ ከ1998 ጀምሮም በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን አስተማሩ።

እርሳቸው እንደጻፉት፣ መጠራጠር የጀመሩት ገና ወታደር ሳሉ ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ምሥራቅ ጀርመንን ሲያዩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲፈሩት የኖሩት ወገን የደኸየና የተጎሳቆለ ሆኖ አገኙት። ያኔ ዕድሜያቸው 40 አልፎ ነበር፤ እውነተኛ ትምህርቴ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። እኔም በአርባዎቹ ውስጥ ያለሁ ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ከትምህርታቸው ዋናው የመካከለኛው ምሥራቅና የአካባቢው ጉዳይ ነበር። ብዙ ሰው የኢራንን፣ የሊባኖስን፣ የሶማሊያንና የኢራቅን ነገር ለየብቻ ያየዋል፤ እርሳቸው ግን በአንድ ካርታ ላይ አንድ ረጅም ጦርነት አድርገው ያቀርቡታል። መነሻውን በ1980 ያደርጉታል። በዚያ ዓመት ጥር ወር ፕሬዚዳንት ካርተር አሜሪካ የፋርስ ባሕረ ሰላጤን በጦር ኃይል ጭምር እንደምትከላከል አወጁ፤ በሚያዝያ ደግሞ ታጋቾችን ለማስፈታት የሄዱ 8 ወታደሮች በኢራን በረሃ ሞቱ። በ1983 በቤይሩት 241፣ በ1993 በጎረቤታችን በሶማሊያ ዋና ከተማ በሞቃዲሾ 18 ወደቁ። በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1980 በዚያ አካባቢ በውጊያ የሞተ የአሜሪካ ወታደር የለም ማለት ይቻላል፤ ከ1990 ወዲህ ደግሞ ከዚያ ውጭ በውጊያ የሞተ የለም ለማለት ምንም አይቀርም። የጦር ኃይል አካባቢውን አላረጋጋውም፣ ይልቁንም አባሰው የሚለው ክርክራቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ2003 የተጀመረውን የኢራቅ ጦርነትም በይፋ ተቃወሙ። እንግዲህ ቤታቸውን አስቡት። አባት በብዕሩ ይህ ጦርነት ስሕተት ነው ይላል፤ በዚያው በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው አንድ ወንድ ልጁ የጦር መኮንን ሆኖ ወደዚያው ጦርነት ይሄዳል። እናት ለማን ትወግን? ልጁ አባቱን፣ አባቱም ልጁን አልካደም። ሁለቱም ግዴታዬ ያሉትን ያዙ።

ግንቦት 13 ቀን 2007 ልጁ ኢራቅ ውስጥ በፈንጂ ተገደለ። ዕድሜው 27 ነበር። ቀኑ በአሜሪካ የእናቶች ቀን የሚከበርበት እሑድ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባትየው በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ጦርነቱን መቃወምህ ጠላትን አበረታቷልና በልጅህ ሞት አንተም አለህበት የሚል ደብዳቤ የላኩላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ የመጋቢ ሚስት ነኝ፤ ባል በአደባባይ የተናገረው ቃል ቤት ድረስ ምን ይዞ እንደሚመጣ በጥቂቱ አውቃለሁ። የእኛ ግን ቅሬታ ነው፤ ሐዘን በተቀመጡበት የሚደርስ ደብዳቤ አይደለም። እርሳቸውን ይበልጥ ያሳመማቸው ደግሞ ሌላ ይመስለኛል፦ በመጻፌና በመናገሬ ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር፣ ነገር ግን የለወጥሁት ነገር የለም ሲሉ ተናዘዙ።

ዝም ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ኃይል ወሰን እንዳለው የሚከራከር መጽሐፍ አሳተሙ፤ መታሰቢያነቱንም ለልጃቸው አደረጉ። ስለ ልጁ በአደባባይ ብዙ ማውራት አይወዱም። ሐዘናቸውን ማስረጃ አድርገው ቢያቀርቡት ተከራካሪ ሁሉ አፉን በያዘ ነበር፤ እርሳቸው ግን ካርታውንና ዓመቶቹን ይዘው እስከ 2014 ድረስ፣ ከልጃቸው ዕድሜ ብዙም የማይርቁ ወጣቶችን ማስተማር ቀጠሉ።