ጭቃው የት ይራገፍ?

የመኪና ጎማ መንገዱን የሚነካው እጅግ ጠባብ በሆነ ገጽ ነው። የአንድ የቤት አውቶሞቢል እያንዳንዱ ጎማ በማንኛውም ቅጽበት አስፋልቱ ላይ የሚያርፈው የአንድ ጎልማሳ መዳፍ በሚያህል ስፋት ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነው ተሽከርካሪ የሚነሣውም፣ የሚታጠፈውም፣ ፍሬን ሲያዝ የሚቆመውም በእነዚህ አራት መዳፎች አማካይነት ነው። ሾፌሮችና ጎሚስታዎች «ጥርስ» የሚሉት፣ በላስቲኩ ገጽ ላይ የተቀረጸው ጉብታና ቦይ፣ ስሙ እንደሚያስመስለው መሬቱን ለመንከስ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ እንዲያውም ደረቅና ንጹሕ አስፋልት ላይ ጥርስ አልባው ጎማ የበለጠ ይይዛል፣ የእሽቅድምድም መኪኖች በደረቅ ቀን ሊሾ ጎማ የሚያስሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አስፋልት ላይ የጥርሱ ዋና ሥራ ውኃ ማሳለፍ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ውኃ በቦዮቹ ገብቶ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ካልወጣ በላስቲኩና በአስፋልቱ መካከል ይታፈንና ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ አውሮፕላኖች እርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ ለምን እንደሚንሸራተቱ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ይህ በውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በዋነኛነት የሚወሰነው በጎማው የአየር ግፊት ሲሆን፣ በጽሑፉ በቀረበው ቀመር ሲሰላ 32 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ቦዮቹ ሊያሳልፉት ከሚችሉት በላይ የሆነ ውኃ ሲያጋጥመው በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ መሬቱን ይለቃል።

አዲስ የአውቶሞቢል ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጥርስ ይዞ ይመጣል፤ በአውሮፓ አገሮች ሕግ ይህ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ጎማው መንገድ ላይ መታየት የለበትም። የጥልቀት መለኪያው ግን አንድ የማያየው ነገር አለ። ቦዮቹ በጭቃ ከተሞሉ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ጎማም ለጊዜው ሊሾ ነው፤ የሚብሰው ደግሞ በዚህ ጊዜ መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ሳይሆን ለብሶት የመጣው እርጥብ አፈር መሆኑ ነው። ልዩነቱን ለመገመት አስቸጋሪ ስሌት አያስፈልግም፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና የሰበቃው መጠን፣ ማለትም ላስቲኩና መንገዱ እርስ በርስ የሚያያዙበት ልክ፣ 0.7 በሆነበት ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘበት አንሥቶ በ14 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ይኸው መጠን ወደ 0.3 ካሽቆለቆለ ግን ለመቆም 33 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው 19 ሜትር በአንድ የከተማ አደባባይ አጠገብ ሰው የሚሻገርበት ዜብራ፣ የቆመ ታክሲና የቆሎ ሻጭ ሊኖሩበት የሚችል ርቀት ነው።

ጭቃ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ አሸዋማ አፈር ጎማ ላይ ቢወጣም ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ግን እጅግ ደቃቅ ከሆኑና ውኃ ሲያገኙ ከሚያብጡ የሸክላ ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ፣ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 የአፈርን ጠባይ በውኃ መጠኑ ሲከፋፍል፣ አፈር እንደ ጠጣር ከሚሰነጠቅበት ደረጃ ተነሥቶ እንደ ሊጥ ወደሚቦካበት፣ ከዚያም እንደ ሾርባ ወደሚፈስበት ደረጃ የሚያልፍባቸውን ወሰኖች ሲለይ፣ አፈሩ በብረት ላይ መጣበቅ የሚጀምርበትን ወሰንም ለይቶ አስቀምጧል። ጎማን የሚያስቸግረው አፈሩ የሚቦካበትና የሚጣበቅበት ይህ መካከለኛ ደረጃ ነው፤ ዶፍ ዝናብ አፈሩን አቅጥኖ ያጥበዋል፣ ካፊያ ግን አቡክቶ ያጣብቀዋል። ማረሻው ላይ የተለጠፈውን ዋልካ ለመፋቅ በሬዎቹን ደጋግሞ የሚያቆመው የደጋ ገበሬ የስዊድኑን ሊቅ ሳያነብም ይህን ያውቃል። ይህ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ አዲስ አበባ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከተስፋፋችባቸው አቅጣጫዎች መካከል በቦሌ፣ በለቡና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያሉት ሰፋፊ ሜዳዎች በዚሁ የተሸፈኑ ናቸው። ከተማዋ ብዙ የመሠረት ጉድጓድ የምትቆፍረው፣ ብዙ ገልባጭ መኪና የምታሰማራው፣ እጅግ የሚጣበቀው አፈሯ ባለበት ስፍራ ላይ ነው ማለት ነው።

ጎማን ስለሚያጸዱ መሣሪያዎች ከመናገር በፊት ግን አንድ እውነት መቅደም አለበት፤ ጎማ ራሱን ያጸዳል። ባለ አሥር ጎማ ገልባጭ መኪና የእያንዳንዱ ጎማው ራዲየስ ግማሽ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ከቁፋሮው ውስጥ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ሲወጣ በጎማው ገጽ ላይ ያለው ጭቃ ሳይለይ አብሮ እንዲዞር የሚያስፈልገው መያዣ ኃይል ከራሱ ክብደት አንድ እጥፍ ተኩል ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የዋልካ ሙጫነት ደግሞ ይህን ያለ ችግር ይችለዋል። መኪናው አስፋልት ይዞ 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ ወደ 56 እጥፍ ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ ጭቃው እየተገነጠለ ይሽቀነጠራል። ስለዚህ አንድ ሳይት ጎማ ማጽጃ የለውም ሲባል ጎማዎቹ አይጸዱም ማለት ሳይሆን የሚጸዱት ከሳይቱ ውጭ፣ ፍጥነት በሚገኝበት የሕዝብ መንገድ ላይ፣ ከኋላ በሚከተሉት ሰዎች መስተዋትና ከፊት በሚጠብቃቸው መታጠፊያ ላይ ነው ማለት ነው። ጎማው ንጹሕ ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ የጨቀየውን መንገድ የሚወርሰው ግን ሳይቱን ረግጦ የማያውቀው ባለ ሞተር ብስክሌት ነው። በተጣመሩት የኋላ ጎማዎች መካከል የሚቀረቀር ድንጋይ ደግሞ ከጭቃውም የከፋ አደጋ አለው፤ ፍጥነት ሲጨምር ተፈናጥሮ ይወጣል፣ የሚያርፍበትም አይታወቅም።

ክርክሩ እንግዲህ ጎማ ይጽዳ አይጽዳ ሳይሆን የት ይጽዳ የሚል ከሆነ፣ መልሱ ከበሩ ውስጥ ነው፤ መሣሪያውም ብዙዎች እንደሚፈሩት ውስብስብ አይደለም። እጅግ ቀላሉ መሣሪያ ሳይሆን ምንጣፍ ነው፦ በመውጫው በር ላይ አፈሩ ከታች እንዳይቀላቀል ጨርቅ መሰል መለያ ተነጥፎ፣ በላዩ ቡጢ የሚያህል የተፈለጠ ድንጋይ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይለበስበታል። በአሜሪካ የግንባታ መመሪያዎች ለዚህ የተለመደው ትንሹ ርዝመት 15 ሜትር ነው፤ ቁጥሩም ትርጉም አለው፣ የገልባጭ ጎማ አንድ ዙር 3.14 ሜትር ገደማ ስለሚፈጅ እያንዳንዱ የጎማው ክፍል ድንጋዩን አምስት ጊዜ ያህል የመርገጥ ዕድል ያገኛል። ድንጋዩ ላስቲኩን እያጠፈና እየከፈተ ቦዮቹን ያላላቸዋል። ገረጋንቲ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ደቃቅ አፈር ስላለበት በሁለት ዝናብ ራሱ ጭቃ ይሆናል፣ ይህን ሳያውቁ በር ላይ ገረጋንቲ የሚደፉ ፎርማኖች ጥቂት አይደሉም። ቀጥሎ የሚመጣው የብረት ፍርግርግ ነው፤ ማዕዘናቸው ወደ ላይ የቆመ ብረቶች በርቀት ተበይደው ከታቻቸው ጉድጓድ ይተውላቸዋል፣ መኪናው በላያቸው ሲያልፍ ጎማው ይንገጫገጫል፣ ጭቃውም ወደ ጉድጓዱ ይረግፋል። ማንኛውም ብረት በያጅ በሁለት ቀን ሊሠራው የሚችል ሲሆን ትልቁ ወጪው ጉድጓዱን በየዕለቱ መጥረግ ነው፤ ያልተጠረገ ፍርግርግ መልሶ ጭቃ ያቀብላል።

ሦስተኛውና የተሟላው የውኃ ማጠቢያ ነው። መኪናው በዝግታ ሲገባ አንድ ዳሳሽ ዓይን ያየዋል፣ ፓምፑ ይነሣል፣ ከሥርና ከጎን የተደረደሩ አፍንጫዎች በከፍተኛ ግፊት በጥርሱ ቦዮችና በተጣመሩት ጎማዎች መካከል ይረጫሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጎማው በተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ ቆሞ ባለበት ይዞራል። የቆሸሸው ውኃ ወደ ማጥለያ ገንዳ ይወርዳል፤ ደቃቁ ሸክላ ለብቻው ቶሎ ስለማይጠል ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ መድኃኒት ይጨመርበታል፣ ከሥር የጠለለው ጭቃ ተዝቆ ይወጣል፣ ከላይ የጠራው ውኃ እንደገና ወደ አፍንጫዎቹ ይመለሳል። በየቀኑ የሚጨመረው ጎማውና ጭቃው ይዘውት የወጡት ብቻ ነው።

በተሽከርካሪው በራሱ ላይ ተገጥሞ እየሄደ ጥርሱን የሚቦርሽ መሣሪያ የማበጀት ሐሳብም አለ፤ ሐሳቡ ማራኪ ቢመስልም ብሩሹ ራሱ በጭቃ መሞላቱ፣ ጭቃውም ያው መንገድ ላይ መውደቁ ስለማይቀር ጥያቄውን አይመልስም። የጎማ ፋብሪካዎች በቦዮቹ ወለል ላይ ድንጋይ መልሰው የሚገፉ ትንንሽ ጉብታዎችን መቅረጻቸው የተሻለ ብልሃት ነው። በዚሁ አጋጣሚ ስለ ላቫጆ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም፤ ከታጠበ በኋላ ጎማን ለማጥቆርና ለማንጸባረቅ የሚቀባው ዘይታም ፈሳሽ ከጎኑ አልፎ ጥርሱን ከነካ፣ ለውበት የተከፈለው ገንዘብ መንሸራተትን የገዛ ይሆናል። አማርኛ ከጣልያንኛ ላቫጆን ብቻ ሳይሆን ፓራፋንጎንም ወስዷል፤ የኋለኛው ቃል ፍቺው ጭቃ ከልካይ ቢሆንም የሚከለክለው ወደ ላይ የሚረጨውን እንጂ ወደ መንገድ የሚወርደውን አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ የፈቱት በሾፌሩ በጎ ፈቃድ አይደለም። የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ በ32ኛው አንቀጹ መንገድን ማቆሸሽ የሚከለክል ሲሆን፣ ያቆሸሸው ሰው ሳይዘገይ እንዲያጸዳና እስኪያጸዳም ድረስ ምልክት እንዲያቆም ያስገድዳል፤ በመጸው ስኳር ድንች መሰሉን የስኳር ቀይ ሥር የሚያነሡ ገበሬዎች ከትራክተራቸው ጋር የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይዘው የሚወጡት ስለዚህ ነው። የሆንግ ኮንግ የግንባታ አቧራ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በየመኪና መውጫው ማጠቢያ እንዲኖር ያዛል፤ ደንቡ የአየር ብክለት እንጂ የትራፊክ ሕግ አለመሆኑ አስተዋይነቱን ያሳያል፣ ምክንያቱም ዛሬ የሚያንሸራትተው ጭቃ ነገ ደርቆ በጎማ ሲፈጭ ሳንባ የሚገባ አቧራ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያም ታጥቦ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ይደፍናል። በቻይና ከተሞች ደግሞ ለግንባታ ቦታ ከተደነገጉት «ስድስት መቶ በመቶዎች» አንዱ የሚወጣ መኪና ሁሉ ይታጠብ የሚል ነው። ሲኖትራክን ለኢትዮጵያ መንገዶች ያበረከተችው አገር መኪናውን በሳይት በር ላይ አጥባ ታስወጣለች፤ መኪናው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ማጠቢያው አብሮት አለመምጣቱ የዕቃ ጉድለት ሳይሆን የጠያቂ እጦት ነው።

በአዲስ አበባ ለዚህ የሚቀርበው የመጀመሪያ ተቃውሞ ውኃ ነው፤ ነዋሪው በፈረቃ በሚጠብቅበት ከተማ ጎማ ማጠብ ቅንጦት ይመስላል የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ነገር ግን የድንጋይ ምንጣፉና የብረት ፍርግርጉ ጠብታ አይፈልጉም፤ ውኃ የሚፈልገውም ቢሆን ክረምቱ በየመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቀመለት አለ። ያ ውኃ በየማለዳው በፓምፕ እየተሳበ ወደ ጎዳናው ሲለቀቅ፣ ጭቃውን አስፋልት ላይ ለማቡካት እንጂ ለማጠብ አይውልም፤ ሁለት በርሜል ወይም አንድ የግንብ ገንዳ በመካከል ቢቆም ችግሩ ራሱ መፍትሔ ይሆን ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ የሚዘነጉት ወጪው አሁንም እየተከፈለ መሆኑን ነው። ከመንጋቱ በፊት በአካፋና በመጥረጊያ አስፋልት የሚፍቁት የጽዳት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የሚያነሡት ከግል ሳይት የወጣ አፈር ነው፤ ጉልበቱን የሚከፍለው ደግሞ ከተማው ነው። ኮንትራክተሩን ስግብግብ ማለት ቀላል ቢሆንም ፍርዱ ሙሉ አይሆንም፤ በጨረታ ሰነዱ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሠንጠረዥ ውስጥ ያልተጻፈን ሥራ በራሱ ኪስ የሚሠራ ተጫራች ካልጻፈው ተወዳዳሪው በላይ ዋጋ አቅርቦ ይሸነፋል። አጥርና የጥበቃ ቤት በዚያ ሠንጠረዥ የራሳቸው ተራ አላቸው፤ ለጎማ ማጽጃም እንዲሁ ተራ ከተሰጠው ሁሉም እኩል ይጨምራል፣ ማንም አይጎዳም።

ስለዚህ የግንባታ ውል የሚያዘጋጁ አማካሪ መሐንዲሶችና ፈቃድ የሚሰጡ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዘመናዊውን ማጠቢያ እስኪያስመጡ ሳይጠብቁ፣ ከመጪው ሰኔ በፊት በሚፈርሙት ውል ሁሉ አንድ መስመር ያስገቡ፦ በመውጫው በር 15 ሜትር የተፈለጠ ድንጋይ፣ አንድ የብረት ፍርግርግ፣ ጉድጓዱን በየቀኑ የሚጠርግ አንድ ሠራተኛ።