ሲሮጡ የታጠቁት

አገራችን ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ ትሠጋለች። ሰኔ 30 ቀን 2001 ግን ማክሰኞ ነበርና የሠጋ ብዙ አልነበረም። በዚያን ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652ን በ286 ድጋፍ፣ በ91 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ቀኑን ልብ በሉ! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የዓመት ሥራ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ይህን ያህል የእስራት ዓመት የተሸከመ ሕግ የጸደቀው እንግዲህ እንደራሴዎቹ ጓዛቸውን በሚሸክፉበት ዕለት ነው።

ከዚያ 6 ወር ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ጸደቀ። ይህ ሕግ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ታኅሣሥ 28 የገና ዋዜማ ነው። ሕዝቡ ዶሮ ሲያማርጥ፣ እንደራሴው እጁን ያወጣ ነበር። አንዱ በዋዜማ፣ ሌላው በመዝጊያ ቀን! አጋጣሚ ነው የሚል ይበል፤ አጋጣሚውም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያዳላው ለአንድ ወገን ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለጥድፊያ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ነገር ይሉናል። የመጀመሪያው፣ «ጊዜው አስቸኳይ ነው፤ አደጋ እስኪመጣ አንጠብቅም» የሚል ነው። መልካም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ለእውነተኛው አስቸኳይ ነገር ራሱን የቻለ በር ከፍቷል። በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ሁለት ሦስተኛው ካልደገፈውም ወዲያው ይሻራል። አስቸኳዩ ነገር እንኳ ልክና ገደብ ተበጅቶለት ሳለ፣ ለዘለቄታው የሚኖረውን ሕግ እያዋከቡ ማሳለፍ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው ይከፋል። «ብልጫው ድምፅ የእኛ ነው፤ ተቃዋሚው ቢናገርም ባይናገርም ሕጉ ያልፋል፤ ታዲያ ሰዓት ማባከን ለምን?» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የተቃዋሚ እንደራሴን ሥራ ከነጭራሹ አልተረዱትም። ተቃዋሚው የሚናገረው ድምፅ ቆጥሮ ለማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ የጣሪያውን ቀዳዳ ዝናቡ ሳይመጣ ለማሳየት ነው። ቀዳዳው ያለበት ቤት የጋራ ነው፤ ዝናቡም ሲመጣ ብልጫ ድምፅ ያለውንና የሌለውን አይለይም።

የዚያን ሕግ ቀዳዳዎች እንያቸው። አንቀጽ 6 አንድ ጽሑፍ በአንባቢው ዘንድ ሽብርን በተዘዋዋሪ እንደሚያበረታታ ሊታሰብ የሚችል ከሆነ፣ ጸሐፊው ከ10 እስከ 20 ዓመት እንዲታሰር ፈቀደ። ጸሐፊው ባሰበው ሳይሆን፣ ሌላው አሰበ በተባለው ይታሰራል ማለት ነው። አንቀጽ 20 ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 4 ወር ማቆየት ፈቀደ። አንቀጽ 23 ደግሞ የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም እንኳ በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን አደረገ። «ረቂቁ ለውይይት ቀርቦ ነበር» የሚል ሰው ካለ ይህን ይመልስልን፦ በውይይት የተነገረው ሥጋት ካልተሰማ፣ እነዚህም አንቀጾች ባሉበት ካለፉ፣ ውይይቱ ለምን ተደረገ?

ፍሬውን ሁላችንም አየነው። በዚሁ ሕግ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ በ2004 የ18 ዓመት እስራት፣ የአንድነት ፓርቲ መሪ የነበሩት አቶ አንዱዓለም አራጌ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በ2006 የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች ተያዙ። በሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ምክር ቤት ቆመው፣ መንግሥት በእስረኞች ላይ የፈጸመው ማሠቃየት ራሱ ሽብር እንደ ነበረ ተናገሩ። አዋጅ ቁጥር 621 በ2011፣ አዋጅ ቁጥር 652 በ2012 በሌላ ተተኩ፤ አዲሱ የሽብር ወንጀል አዋጅ በመግቢያው የቀድሞው ሕግ ክፍተት በዜጎች መብት ላይ ጉዳት እንዳደረሰ መሰከረ። ይህን ነበር እነዚያ 91 እጆች ሰኔ 30 ያሉት! እነ አቶ ቡልቻ ደመቅሳና እነ አቶ ተመስገን ዘውዴ የተቀመጡበት ምክር ቤት ሳይነገረው የተሳሳተ አልነበረም፤ ተነግሮት፣ ለመስማት ጊዜ ስላልነበረው የተሳሳተ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ምክር ቤቱ ያፈሰሰውን ሕግ ከ10 ዓመት በኋላ ለቀመው፤ በወኅኒ የፈሰሰውን ዕድሜ ግን ማን ይለቅመዋል?

ከ91ዱ በኋላ የመጣው ደግሞ ይብሳል። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። አንዱ ለግል ዕጩ፣ አንዱ ለመድረኩ እንደራሴ ለአቶ ግርማ ሠይፉ ቀረ። በዚያ 5 ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው እጅ የአንድ አገር ተቃውሞ ሁሉ ምልክት ሆነ። ብዙ ሰው በዚህ ይስቅ ነበር፤ «አንድ ሰው ምን ያመጣል?» ይል ነበር። በአሜሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 2001 የፀረ ሽብር ሕጋቸው በጥድፊያ ሲቀርብ፣ በሴኔቱ 98 ሰዎች ደግፈው የተቃወሙት ራስ ፋይንጎልድ ብቻ ነበሩ። በ2013 መንግሥት በዚያ ሕግ ተጠግቶ የሕዝቡን የስልክ መዝገብ በጅምላ ይሰበስብ እንደ ነበር ሲገለጥ፣ የአንዱ ሰው ቃል ከ98ቱ እንደሚከብድ ዓለም አየ። አንድ ድምፅ ሕግ አያስቀርም፤ ነገር ግን ነገ «ማንም አልነገረንም» የሚለውን ሰበብ ያስቀራል።

«ይህ የአዲስ አበባ ወሬ ነው፤ ለጭሮ ምኗ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያው ወደ አገራችን እንምጣ። የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ያ አንድ ተቃዋሚ በነበረበት ምክር ቤት ነው። ጫት ለገለምሶ፣ ለበዴሳ፣ ለሂርናና ለጭሮ የልጅ ደብተር፣ የቤት ቆርቆሮና የመድኃኒት ገንዘብ ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721ም የወጣው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምክር ቤት ነው። በዚህ ሕግ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ የሚተላለፍ ነባር ቤት፣ ቦታው ለአዲሱ ባለቤት በሊዝ ይሆናል። አባቱ የሠራውን የጭቃ ቤት የሚሸጥ የአሰቦት ወይም የመቻራ ሰው ይህን የሚያውቀው ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ሲደርስ ነው። ታክስ አይከፈል፣ መሬት በሥርዓት አይተዳደር አላልንም። የምንለው፣ ከፋዩ ከመክፈሉ በፊት ይጠየቅ ነው።

መቼስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ገበሬ ረቂቁን በምን ያገኘዋል? ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ሲቋቋም በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም ተደነገገ። የጨርጨር ባላገር የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው። በማይሰማው ቋንቋ፣ በማያውቀው ቀን፣ ባልተጠየቀበት ጉዳይ የወጣ ሕግ ሲያጠፋ ግን በደንብ ያውቀዋል!

ከተማችን ለፓርላማው እንግዳ አይደለችም። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሐምሌ 1923 የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸው። ያ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቆመ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስም እንደራሴዎቹን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ አዘዘ። ዛሬ ሕዝቡ መርጧል ይባላል። ታዲያ እንደራሴውን ለመምረጥ የበቃ ሕዝብ ረቂቁን አንብቦ ለመናገር አይበቃምን? የከተማችን የቀድሞ ስም የሚጀምረው «አሰበ» በሚለው ቃል ነው። ከዚህ ከተማ የሚላክ እንደራሴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጥቂትና ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ ረቂቅ ሕግ ለቋሚ ኮሚቴ በተመራ ዕለት ለሕዝብ ይታተም፤ ለምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ በኦሮምኛ ይድረስ።

ሁለተኛ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ሕግ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንትና በበዓል ዋዜማ ድምፅ አይሰጥበት።

ሦስተኛ፣ ገበሬንና ነጋዴን የሚነካ ሕግ በአዲስ አበባ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን በጭሮም፣ በበዴሳም ይመከርበት።

አራተኛ፣ ተቃዋሚው ለምን እንደ ተቃወመ ከሕጉ ጋር ለሕዝብ ይገለጽ፤ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ማለፍ ይቅር።

ተማሪ ሆይ! ይህ የፓርቲ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ወንበሩን የያዘው ነገ ያጣዋል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው ዛሬ ለተቃዋሚው የፈቀደው የመናገሪያ ሰዓት ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ማንበብ የምትችል የገበሬ ልጅ ነህ። ለዕረፍት ወደ ቀዬህ ስትመለስ ረቂቁን ይዘህ ሂድ፤ ለአባትህና ለጎረቤትህ በቋንቋቸው ተርጉምላቸው። እንደራሴውን ስታገኘው «ለምን ደገፍህ?» ብለህ አትጀምር። «አንብበኸዋል ወይ?» ብለህ ጀምር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሕግ ግን ሲፈታ ብቻውን አይወድቅም፤ የታጠቀውን ሕዝብ ይዞ ይወድቃል።

የጨርጨር ልጅ