«ጓያ አትብሉ» የሚባለው ለማን ነው?

በገና ሰሞን ላሊበላ ላይ፣ ከዓለት የተጠረበውን ደረጃ በሁለት ምርኩዝ የሚወርድ አንድ ጎልማሳ አየሁ። ተረከዙ መሬት አይነካም። በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፤ ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተፋተገ እግሮቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። ከኋላው ያለው ምእመን ሁሉ ሳይገፋው ቆሞ ጠበቀው። የመጣው ከደላንታ ነው። ምን እንደገጠመው ስጠይቀው «ጓያ ሰበረኝ» አለኝ፤ በልጅነቱ፣ እናቱ ስትቀቅል እንፋሎቱ አግኝቶት።

የሰበረው እንፋሎቱ አይደለም፤ ገለባው ላይ መተኛት ይሰብራል የሚባለውም እውነት አይደለም። ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ሰው ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ወራት ሲቆይ፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች ይጎዳሉ። አእምሮው ደህና ነው፣ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ እግሩ ግን ይገተራል። ማግኒዥየም ጎድሎት ጡንቻው የሚሸማቀቅ፣ እጅ እግሩን የሚነዝረው ሰው የጎደለው ሲተካለት ይሻለዋል። ጓያ ለሰበረው ሰው ግን የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም። «ለነርቭ ነው» ተብሎ ቪታሚንና ማግኒዥየም የሚሸጥለት ድሃ፣ እግሩ ሳይመለስለት በሬውን የሸጠበትን ብር ይጨርሳል።

ጠቤ ግን ከእንፋሎቱ እምነት ጋር አይደለም። ያ እምነት ቢያንስ እናትን ልጄን በእጄ አብልቼ ሰበርሁት ከሚል ጸጸት ያድናታል። ጠቤ እኛ ተማርን ከምንለው ሰዎች እምነት ጋር ነው፦ ገበሬው የሚሰበረው ስለማያውቅ ነው፤ ስለዚህ «ጓያ አትብሉ» ብለን ብናስተምረው ነገሩ ያልቃል ከሚለው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታና ዳውንት የሆነውን እንይ። ከላሊበላ ወጥቶ ጋሸናን አልፎ ወደ ወገል ጤና የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ደጋ ነው። ድርቅ ገባ፤ ሌላው ሰብል ከሰመ። ጓያ ግን በዋልካ መሬት ላይ፣ ክረምቱ በተወው እርጥበት ብቻ የሚበቅል ብርቱ እህል ነውና ተረፈ። ክፋቱ ደግሞ ድርቁ ራሱ በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ የሚጨምረው መሆኑ ነው። ያኔ ከ2,000 ሰው በላይ ተሰበረ፤ ወጣት ወንዶች በዝተውበት። ይህ ሁሉ ሰው ጓያ እንደሚሰብር ያልሰማ ይመስላችኋል? «ጓያ ሰበረው» የሚለውን አነጋገር ያገኘነው እኮ ከገበሬው ነው።

ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በዚያ አካባቢ አጥንተው በ1996 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ነገሩን ገልጦታል። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት የበላ ይበልጥ ተሰብሯል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባለበት ወጥ የበላውም የተሰበረው ያነሰ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሽሮውን በእንጀራ የሚበላ ቤት ጤፍ አለው፣ ሽንኩርት አለው፣ ማገዶ አለው። ንፍሮ ብቻ የሚበላው ከጓያ በቀር ጎተራው ውስጥ የቀረ የሌለው ነው። በሽታው ከደጅ ደጅ የሚመርጠው በእውቀት ሳይሆን በጎተራ ነው። ለዚህ ሰው «አትብሉ» ማለት ምክር አይደለም፤ ጦምህን እደር ማለት ነው።

ትምህርት አይጠቅምም አልልም። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የተባለ ዝርያም በአገራችን ተለቋል። ነገር ግን በላስታ ተዳፋት፣ በድርቅ ዓመት፣ ከገደል ሥር በጀርባዋ እንስራ ተሸክማ የወጣችን ሴት ውሃውን ድፊው ስንላት ምን እያልናት እንደሆነ እንወቅ።

የእርዳታ እህል የሚሰፈረው በኪሎና በቤተሰብ ቁጥር ነው። ሴፍቲኔት ከተጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተረጂዎች መዝገብ በታቀፉት ቀበሌዎች አለ። ድስቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር «አትብሉ» ማለቱን ትታ «ጓያ ለብቻው መብላት ከጀመራችሁ ስንት ሳምንት ሆናችሁ?» ብላ ትጠይቅ። ወር አለፈን ያለ ቤት፣ ሌላው ሁሉ ቆይቶ፣ በዚያው ሳምንት ስንዴ ወይም ማሽላ ይድረሰው። ስንዴው ጓያውን ባይተካ እንኳ ይቀላቀልበታል፤ ያም እግር ያተርፋል። ይህ በክረምት ማግስት ካልታሰበ ዘግይቷል፤ አንድ ጊዜ የተገተረ እግር በሚያዝያ ስንዴ አይፈታም።

ያን ጎልማሳ በተሰበርህበት ዓመት እርዳታ አልደረሳችሁም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ደርሷል አለኝ። ለምዝገባ የቀረበው አባቱ በጀርባቸው አዝለውት ነው።