ርካሹ ጉልበት የማን ነው?

ወገን፣ የውጭ ባለሀብት ሲጋበዝ «ርካሽ የሰው ኃይል አለን» ይባላል። ርካሽ የተባለችው እኮ እህትህ ናት! እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄደው ያገኙት መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከዚህ ላይ ኪራይ አለ፣ አስቤዛ አለ፣ ገጠር ያለ ቤተሰብም ይጠብቃል። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩት ወደው ነው እንዴ? ከዛ ታክቷት ስትለቅ «የሥራ ባህል የላትም» ይሏታል። ያሳፍራል!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ታዲያ ወለሉ የታለ? ሀገሬ ሀገሬ የምትል ወጣት ሁሉ ይህችን አንቀጽ በቃልህ ያዛት። የአካባቢህን ተመራጭ ስታገኘው ሌላውን ወሬ ተወውና «ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት ብር ነው?» በለው። መልሱን ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ሼር!