በቦሌ የገባው የት ያርፋል? የኤልያስ ስሜ ጥበብና ድንበር የማያግደው ቆሻሻ

አዲስ አበባ፦ ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በሚያርፍ አውሮፕላን የተሳፈረ መንገደኛ በመስኮቱ ቁልቁል ሲመለከት የከተማዋ ጫፍና የገጠሩ ማሳ ሲገናኙ ያያል። የታረሰ ቡናማ መሬት፣ አረንጓዴ ቡቃያ፣ ቢጫ ገለባ፣ በመካከላቸውም እንደ ክር የቀጠኑ መንገዶችና ቦዮች ይታዩታል። የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን ትልልቅ ሥራዎች ከሩቅ የሚመለከት ሰውም መጀመሪያ የሚያየው ይህን የመሰለ መልክዓ ምድር ነው። ጠጋ ሲል ግን ማሳ የመሰለው የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ ቦይ የመሰለው ደግሞ የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆኖ ያገኘዋል።

የእኚህ ሠዓሊ የሥራ ሕይወት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በኪነ ጥበብ አምዶች ላይ ነው። ሥራቸው ያነሣው ጉዳይ ግን ከሥዕል አዳራሽ አልፎ የአርሶ አደሩን ማሳና የከተሜውን ወጥ ቤት ይነካል። በአንድ አገር ያገለገለ ዕቃ ድንበር ተሻግሮ በሌላ አገር ይጣላል። ከተጣለው ውስጥ ጥቂቱ በጥበበኛ እጅ ተውቦ ወደ ሀብታም አገሮች ሙዚየሞች ይመለሳል። የቀረው ግን እዚሁ አፈርና ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። የዚህን ዕዳ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል።

ከቁልፍና ከክር እስከ ሽቦ

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስፋትና የተሰበረ የቤት ዕቃ መጠገን ይወዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላም በቀለምና በብሩሽ ብቻ አልተወሰኑም። ክር በመርፌ እየወጉ ሸራ ላይ ሠሩ፤ የልብስ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ጭቃና ጭድም የሥራቸው ግብዓት ሆኑ።

እነዚህን ዕቃዎች ያገኙ የነበረው ከመርካቶ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ነገር ሁሉ ዋጋ አለው፤ ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ብረታ ብረትና ፕላስቲክም መሸጫው በአብዛኛው ወደዚያው ነው። ከጊዜ በኋላ በገበያው ውስጥ አዲስ ዓይነት ውዳቂ እየበዛ መጣ። የተሰበረ የእጅ ስልክ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አካል፣ ልባሱ የተገፈፈ ሽቦ በየሱቁ ተከመረ። ሠዓሊውም እነዚህን እየሰበሰቡ በእንጨት ሰሌዳ ላይ መደርደርና መጎንጎን ጀመሩ።

በዚህ መንገድ የተወለዱት ተከታታይ ሥራዎች በእንግሊዝኛ «ታይትሮፕ» ተብለዋል፤ ውጥር ገመድ እንደማለት ነው። በውጥር ገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ሚዛኑን ከሳተ ይወድቃል። ሠዓሊው በዚህ ስም የጠቆሙት ቴክኖሎጂ በሚሰጠው ጥቅምና በሰውና በተፈጥሮ ላይ በሚያስከትለው ጉዳት መካከል ያለውን ሚዛን ነው። ሥራቸው «ቆሻሻን መልሶ መጠቀም» ተብሎ ብቻ እንዲታይ አይፈልጉም። እያንዳንዱ ቁራጭ ቀድሞ በሰው እጅ የተዳሰሰ፣ ሰውን ከሰው ያገናኘ ዕቃ መሆኑ ለእሳቸው ትልቅ ትርጉም አለው።

እውቅናው የመጣው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከ100 በላይ ሥራዎቻቸውን ለእይታ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ግዛት ከሚገኘው ዌሊን ሙዚየም የተነሣው ትልቅ ዐውደ ርእያቸው በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች ተዘዋወረ። በዚያው ዓመት የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ሸለማቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት የጥበብ መድረኮች አንዱ በሆነው የቬኒስ ቢየናሌ ተሳተፉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በብሪታኒያ ብሪስቶል ከተማ በሚገኘው አርኖልፊኒ ያቀረቡት ዐውደ ርእይ «እርጋታ» የሚል የአማርኛ ስም ተሰጠው።

ሁለት አቅጣጫ ያለው ጉዞ

የዚህ የሥራ ሕይወት ሌላው ገጽታ የዕቃው ጉዞ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ከፊሉ በጅቡቲ ወደብና በሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከፊሉም በቦሌ አየር ማረፊያ በኩል ይገባል። በቦሌና በመገናኛ የንግድ ማዕከላት ያሉ የስልክ ሱቆች አዲሱንም ያገለገለውንም ይሸጣሉ። አንድ ስልክ ከእነዚህ ሱቆች ወጥቶ በሁለትና በሦስት ሰው እጅ ካለፈ በኋላ ወደ ገጠር ገበያ ይደርሳል። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ወይ በቤት ጥግ ይቀመጣል፣ ወይ ለቆራሌው ይሸጣል፣ ወይ ደጅ ይጣላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን ወይም 620 ሚሊዮን ኩንታል የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22 ነጥብ 3 በመቶው ነው። አንድ አውሮፓዊ በአማካይ በዓመት 17 ነጥብ 6 ኪሎ ግራም ሲጥል አንድ አፍሪካዊ የሚጥለው 2 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ነው። ነገር ግን በአፍሪካ በመደበኛ መንገድ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ከ1 በመቶ በታች ነው። ትንሽ የሚጥለው አህጉር የጣለውን የሚያስተናግድበት ሥርዓት አላበጀም፤ በዚያ ላይ ዕድሜያቸው ሊያልቅ የተቃረቡ የሌሎች አገሮች ዕቃዎች ይጨመሩበታል።

ይህን ለመግታት ዓለም አቀፍ ሕጎች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት የአደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻጋሪ ዝውውርን ይቆጣጠራል። የአፍሪካ አገሮች ግን ቁጥጥር ብቻውን አይበቃም ብለው እ.ኤ.አ. በ1991 የባማኮ ስምምነትን አጸደቁ፤ ይህ ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የሁለቱም ስምምነቶች አባል ናት። ይሁን እንጂ ያረጀ ዕቃ «ያገለገለ ነገር ግን የሚሠራ» ተብሎ ሲመጣ በጉምሩክ በር ላይ ቆሻሻ አይባልም። ቆሻሻ የሚሆነው ከወራት በኋላ በገዢው ቤት ውስጥ ነው።

ለዚህም ነው የሠዓሊ ኤልያስ ሰሌዳዎች በውጭ አገር ሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ትርጉማቸው የሚከብደው። ሀብታሙ ዓለም ሠርቶና ተጠቅሞ የተወው ሽቦ፣ አዲስ አበባ ላይ በእጅ ተጎንጉኖ፣ በክብር ተመልሶ ይገባል። የድንበር በር ለውዳቂው ክፍት የነበረውን ያህል ለውበቱም ተከፍቷል። ሆኖም አንድ ሠዓሊና ረዳቶቹ ሊመልሱት የሚችሉት ከብዙው ጥቂቱን ነው።

የቀረው የት ይሄዳል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በምሥራቅ አዲስ አበባ የውኃው ነገር ግን ከጥሩ የሚቀዳ አልሆነም። በቦሌ በኩል የሚያልፈው የቡልቡላ ወንዝ ከትልቁ አቃቂ ተፋሰስ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በወንዙ ዳር፣ በፒኮክ አካባቢ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በመስኖ ሲለማ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በፒኮክና በቄራ አካባቢ የተደረገ ምርምር በእነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን አመልክቷል።

የዚህ ብክለት ምንጭ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቆዳ ማልፊያዎች፣ የጋራዥ ዘይትና የቤት ውስጥ ፍሳሽ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ያረጀ ኮምፒውተር፣ ስልክና ባትሪ በውስጡ የያዛቸው እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ከዚያው ወገን ናቸው። እነዚህ ብረቶች እንደ ሣርና እንደ ፍግ አይበሰብሱም። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገቡ ለትውልድ ይቆያሉ። መዳቡን ለማግኘት ተብሎ ሽቦ ሲቃጠል ደግሞ ከፕላስቲክ ልባሱ የሚወጣው መርዛማ ጭስ በአካባቢው ሰውና ሰብል ላይ ያርፋል።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ ነው ብሎ መተውም አያዋጣም። በገጠር የፀሐይ ኃይል መብራት የኩራዝን ጭስ ከብዙ ቤት አስወጥቷል፤ የእጅ ስልክም የገበያ ዋጋና የአየር ሁኔታ መረጃን ወደ አርሶ አደሩ አቅርቧል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ይሁንና የመብራቱ ባትሪ፣ የስልኩ ባትሪና የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ዕድሜያቸው አጭር ነው። በከተማ ቆራሌው በር ድረስ ይመጣል፤ ከመንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ግን የሞተው ባትሪ ከቤት ጥራጊ ጋር ወደ ጓሮ ወይም ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይገባል። ከዚያም ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ማሳ ላይ ይበተናል።

የአፈሩ ጠባይም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ካድሚየም በአሲዳማ አፈር ላይ ይበልጥ ሟሙቶ በቀላሉ በተክል ሥር ይሳባል። ሰፊው የኢትዮጵያ ደጋማ መሬት ደግሞ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። አርሶ አደሩ አፈሩን ለማከም ኖራ ገዝቶ እየነሰነሰ በሌላ በኩል ባትሪ በማሳው ከቀበረ፣ በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው እያፈረሰ ነው።

ሕጉና እጁ

በሕግ ረገድ አገሪቱ ባዶ እጇን አይደለችም። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። በአቃቂ ቃሊቲም ያረጁ ኮምፒውተሮችን የሚጠግንና የሚበታትን ማዕከል ተቋቁሟል። ክፍተቱ ያለው በሕጉና በመንደሩ መካከል ነው። የሞተ ባትሪ የያዘ አንድ የገጠር ነዋሪ የት ወስዶ ያስረክበው? ይህ ጥያቄ መልስ እስካላገኘ ድረስ ደንቡ ከወረቀት ወደ ማሳ አይወርድም።

ቀላሉ መልስ ያገለገለ ዕቃ እንዳይገባ መከልከል ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ስልክ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ያገለገለው ስልክ ከዓለም ጋር መገናኛው ነው። ምናለሽ ተራም በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያዋጣው መንገድ በሥራ ላይ ያሉትን እጆች ማስተካከል ነው። ሽቦ በማቃጠል ፋንታ የሚልጡበት መሣሪያ፣ ጓንትና ሥልጠና ቢያገኙ፣ ሻጮችም ያረጀውን መልሰው እንዲቀበሉ ቢደረግ፣ ቆራሌው የችግሩ አካል መሆኑ ቀርቶ የመፍትሔው ቀዳሚ ሠራተኛ ይሆናል። በገጠር ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት ማዳበሪያና ዘር የሚያደርሱበትን መንገድ ባትሪ ለመሰብሰብም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዕቃ ጭኖ የሄደ መኪና ባዶውን መመለስ የለበትም።

ይህ እስኪሆን ድረስም በቤት ደረጃ የሚቻል ነገር አለ። ባትሪን በኮምፖስት ጉድጓድ ወይም በማሳ አለመጣል፣ ሽቦ አለማቃጠል፣ የመኪና ባትሪ አሲድን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ አለመድፋት፣ የሞተውን ባትሪ ከልጆች አርቆ በደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ ወጪ አይጠይቅም።

ሠዓሊ ኤልያስም መልሳቸውን በሰሌዳ ላይ ብቻ አልተዉትም። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም ተከፍቷል። ቦታው ቀድሞ የተበከለ መሬት ነበር። በዚያ ላይ የተነሡት ግድግዳዎች አርሶ አደሩ ጠንቅቆ በሚያውቀው በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው፤ በግቢው አትክልት ይለማል፣ ልጆችም ይማራሉ። የተጎዳ መሬት በትዕግሥት ሊያገግም እንደሚችል ለማየት የሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ሠርቶ ማሳያ በከተማዋ በቀላሉ አያገኝም።

ከክር ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ አፈር የተመለሰው ይህ የሥራ ሕይወት አንድ ነገር ያስገነዝባል። የተጣለ ነገር ዓይን ቢያጣም አይጠፋም፤ በአንድ ቦታ ማረፉ አይቀርም። በቦሌና በሞጆ የገባው ዕቃ ማረፊያው ማሳና ወንዝ እንዳይሆን የሚወስኑት ከሕግ አስፈጻሚው ጀምሮ ሻጩ፣ ቆራሌውና ባትሪውን በእጁ የያዘው ሰው ናቸው።