ሳያንኳኳ የሚገባው መልእክት

የሰው ቤት ስንሄድ ሦስት ጊዜ አስፈቅደን፣ ካልተፈቀደልን እንድንመለስ ዲናችን አስተምሮናል። የግሩፖቻችን በር ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው።

እዚህ ቀብሪበያ የጀናዛ ዜና፣ የደርስ ሰዓት፣ ለታመመ ሰው የሚዋጣ ገንዘብ ሁሉ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ነው የሚነገረው። በዚያው መንገድ «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ እባካችሁ ምረጡልኝ» የሚል ሊንክም ይመጣል። የላከው የምናውቀው ሰው ነው። ስንከፍተው ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ቴሌግራም የላከልንን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ሰጠን ማለት አካውንታችንን ሰጠን ማለት ነው። ሌባው በእኛ ስምና ፎቶ ይቀመጥና አንድ በአንድ «ወንድሜ፣ ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ማታ አበድረኝ» እያለ ይለምናል። የእኛ አካባቢ ሰው ደግሞ ገና ቴሌብር ሳይመጣ በሄሎካሽ በስልክ ገንዘብ መላክ የለመደ ነው፤ ወንድሙ ቸገረኝ ካለው አያመነታም። ከመላካችን በፊት ደውለን ድምፁን እንስማ።

ሌላው ፋይል ነው። «የሰርግ ጥሪ» ወይም «ፎቶ» ተብሎ ይላካል፤ የስሙ መጨረሻ ግን ኤፒኬ ይላል። ፎቶ ኤፒኬ ሆኖ አይመጣም። ኤፒኬ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ አጭር መልእክት እንዲያነብ ከፈቀድንለት ከባንክ የሚመጣውን ኮድ ከእኛ ቀድሞ ያነባል።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን በስደተኛ ወንድሞቻችን ላይ የሚሠራው ነው። የቀብሪበያ ካምፕ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አለ፤ እዚያው ተወልደው እዚያው ወላጅ የሆኑ አሉ። ወደ ሦስተኛ አገር መሄድን ዕድሜ ልካቸውን ለጠበቁ ሰዎች «የካናዳ ምዝገባ ተጀመረ፣ ፎርሙን ሙላ፣ ክፈል» የሚል ሊንክ ሲመጣ እንዴት አይከፍቱት? የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎቱ ሁሉ በነጻ እንደሆነ ደጋግሞ ይናገራል። ገንዘብ የጠየቀ ፎርም የሌባ ፎርም ነው። ይህን በሶማልኛ በድምፅ ቀድቶ የሚለጥፍልን ወንድም ቢገኝ አጅሩ ብዙ ነው።

«ለ10 ሰው ካልላክህ መከራ ይደርስብሃል» የሚለውም አለ። ይህ አዲስ አይደለም። ሸይኽ አሕመድ የሚባል የመዲና መስጂድ አገልጋይ አየው የተባለው ሕልም ስልክ ሳይኖር በእጅ እየተገለበጠ ይዞር ነበር። ረሺድ ሪዳ «አል-መናር» በተባለው መጽሔታቸው፣ በኋላም ሸይኽ ኢብን ባዝ ሐሰት መሆኑን ጽፈዋል፤ ወረቀቱ ግን ዋትስአፕ ገብቶ አረፈው! ዋትስአፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገድቧል። ሁለት ቀስት ካየንበት እንቁም፤ ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ስለ ማጣራት ያዘዘን ለዚህም ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን አይቀርም? በእኛ እይታ ይሉኝታ ነው። ሊንኩን የሚያስተላልፈው ብዙ ጊዜ የተከበረ ሽማግሌ ነው፣ አድሚኑ ደግሞ ወጣት። «የሐጂን መልእክት እንዴት አጠፋለሁ?» ብሎ ይተወዋል። አድሚንነት አማና ነው ወንድሜ! ደንቡ አስቀድሞ ለሁሉም ከተነገረ ማጥፋት ንቀት አይሆንም። ቴሌግራም ላይ አባላት ፋይል እንዳይልኩ መዝጋት፣ አዲስ ሰውም አድሚን ሳይፈቅድለት እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል። ደርሱና ማስታወቂያው አድሚኖች ብቻ በሚጽፉበት ቻናል ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። (ግሩፑን የሽቶና የጫማ ሱቅ ያደረጋችሁት ወንድሞች፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ መበተንን ወንጀል እንዳደረገው እወቁ።)

አካውንቱ የተወሰደበት ሰው ካለ አፍሮ አይደበቅ። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ መሣሪያ ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ነባሩን ማስወጣት አይችልም፤ ባለቤቱ ግን ሴቲንግ ገብቶ ሌሎቹን መሣሪያዎች በሙሉ ማስወጣትና ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማድረግ ይችላል። ቀጥሎ ወደ መስጂድ ይምጣና ይንገረን። ከሰላት በኋላ «በእገሌ ስም ብር የሚጠይቀው እሱ አይደለም» ብለን በማይክ እንናገርለታለን።